ጢሙ ጥጥ ነው

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? እንኳን አደረሳችሁ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ግን እኛ ቤት ዛፉ አሁንም እንደቆመ ነው፤ ገንዘብ ሚኒስትሩ፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ «ጥምቀት ሳያልፍ አይፈርስም» ብሏል። ስለዚህ እኛ በይፋ በዓል ላይ ነን።

ዛሬ ስለ ዶሮ ዋጋ ላወራ ነበር፣ ቃል ገብቼላችኋለሁ። እመጣበታለሁ። አይ፣ አልመጣበትም፣ ምን አስዋሸኝ። ሌላ ነገር ነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ። ትንሽ ነገር ናት። ደስ የምትልም ናት፣ የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ማታ ጋደም ስል ተመልሳ ትመጣለች።

ደሴ፣ ፒያሳ ነን። ዋዜማው አይደለም፣ ቀደም ብሎ ነው። ካፌዎቹ ታኅሣሥ 16 በፈረንጆቹ ገና ዛፍና መብራታቸውን ያወጡና በዚያው የእኛን 29 ይጠብቃሉ አይደል? ልጄ ሚጣ ይሄ አልገባትም። «ኢየሱስ ሁለቴ ነው እንዴ የሚወለደው?» ትላለች። አባቷ ሊያስረዳት ተቀመጠ። አቆጣጠራችን ይለያያል አላት፣ ከዚያ ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ የእኛውም 28 ላይ ይውላል፣ 2016 ላይ እንደዚያ ነበር ብሎ ቀጠለ። ልጅቷ ትታው ሄደች። እኔም ትቼው ሄድኩ።

እና አንዱ ካፌ በር ላይ የገና አባት አስቀምጧል። ቀይ ልብስ፣ የጥጥ ጢም፣ የፕላስቲክ ወንበር። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ላይ የወረደው ውርጭ ቀጥ ብሎ እኛ ጉልበት ውስጥ ነው የሚገባው። በዚያ ምሽት ፒያሳ ላይ የሞቀው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

ሚጣ ሮጠች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጣትና ድምፁን አወፍሮ «ስምሽ ማነው?» አላት። ነገረችው። «ማሻአላህ!» አለ። ከዚያ ድንግጥ ብሎ «ሆ ሆ ሆ» ጨመረበት። (ሳቅ) ወሎ ነው እንግዲህ! የገና አባታችን ማሻአላህ ባይል ነበር የሚገርመኝ።

ከዚያ ኪሱ ገባና ከረሜላ አወጣ። ሚንት፣ ያቺን አረንጓዴዋን።

እዚህ ጋ ነው። ቪዲዮው አለኝ፣ እየመለስኩ አየዋለሁ። ሚጣ ከረሜላዋን ታያለች። ቀና ብላ ዓይኑን ታያለች። ዝቅ ብላ ጫማውን ታያለች። ከዚያ እኔን። እኔ ላይ ትቆያለች... ቪዲዮው ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ግን ትቆያለች። ፊቴን እያነበበችው ነው፣ ሌላ ምን ልበለው። እኔ ከስልኩ ጀርባ ጥርሴ በሙሉ ወጥቷል። ከዚያ ዞር ብላ፣ መዋዕለ ሕፃናት እንግዳ ሲመጣ በሚጮሁት ድምፅ፣ «አመሰግናለሁ የገና አባት!»

ወደ ቤት ስንሄድ፣ እጄን ይዛ፣ «እማ፣ እሱኮ የእኛ ባጃጅ ነው።»

ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት፣ «ሸራውን ዝጊው እቱ፣ ልጅቱ ይበርዳታል» እያለ እኔን የሚቆጣኝ። የሚንት ከረሜላውም የእሱ ነው፣ ጫማውም የእሱ ነው። እኔ ምንም አላየሁም፣ እሷ ሁሉንም አይታለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንቺ ደስ ብሎሽ ነበራ።»

አለችና ከረሜላዋን ላጠች። አበቃ።

...

እና ምን ችግር አለው ትሉኛላችሁ። ገንዘብ ሚኒስትሩም ያለው ይህንኑ ነው፣ «ልጅሽ ብልህ ሆነች፣ ምን ያስለቅስሻል?» አላለቀስኩም በነገራችን ላይ። ግን አምስት ዓመቷ ነው። የገና አባትን ዕቃ ዕቃ የምንጫወተው ለእሷ ብለን ነው፣ ለእኔ ብላ መጫወት የጀመረችው መቼ ነው? ማን አስተማራት?

የ2014ን ገና ታስታውሳላችሁ። አልደግመውም፣ አብረን ነው ያየነው፤ በጦርነቱ ተይዛ የነበረችው ከተማችን ከተመለሰች ገና አንድ ወር ቢሆናት ነው። ሚጣ ያኔ ጡት ላይ ናት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ፊቴን አስተካክዬ እስቅላት ነበር። እናቴ ናት ያለችኝ፣ «ሕፃን የሚፈራው ድምፁን አይደለም፣ ያንቺን ፊት ነው» ብላ። እና እስቃለሁ። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ እስቃለሁ። እሷም ታየኝና ትስቃለች። ያን ታስታውሳለች ማለት አይደለም... አትችልም። እንጃ። ይሄን ባልጀምረው ይሻል ነበር።

እናቴን ልጠይቃት ደውዬ ነበር። ዘንድሮ ላሊበላ ናት፣ ስለቷን ልታደርስ። የደወልኩት ደግሞ ልክ ቤዛ ኩሉ ላይ ነው! ካህናቱ ከላይም ከታችም ሲቀባበሉ፣ ከበሮው፣ ሰው ሲያጨበጭብ። «እማዬ፣ ሚጣ ስለ ባጃጁ...» እላለሁ፣ «ባጃጅ ተገለበጠ?!» ትላለች። (ሳቅ) ተውኩት። ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ አብሽሪ ብዬ ዘጋሁ።

የገና ማግስት ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ወረድን። ሐረጎን ስንወርድ ሚጣ የራሷ ጨዋታ አላት፣ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ታወልቃለች። መጀመሪያ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ሻርፕ፣ ጃኬት፣ ሹራብ። ቦርከና ስንደርስ በካናቴራ ናት። ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ነው እኮ፣ ግን ከክረምት ወደ በጋ ነው የምትወርዱት። ድሮ በዚህ ጨዋታ በሳቅ እሞት ነበር። ዘንድሮም ሳቅኩ፣ ግን አየኋት፤ እያንዳንዱን ካወለቀች በኋላ ዞር ብላ እኔን ታየኛለች። ሳቀች ወይ? ብላ። ወይ ሁልጊዜም ታየኝ ነበር፣ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሁሉም ነገር እንደዚያ መምሰል ጀመረ፣ ይሄ ነው የረበሸኝ መሰለኝ። ስጦታውን ስትከፍት፣ ድፎ ዳቦውን ስንቆርስ፣ «ጣፈጠኝ» ስትል...

አይ፣ ዳቦው ግን ጣፍጦ ነበር። በኮባ ነው የጋገርኩት፣ አትከራከሩኝ።

ቆይ፣ ዋናውን ረሳሁት! የገና ዕለት ባለ ባጃጁ ሰውዬ ከነባለቤቱ ቤታችን መጡ። በየዓመቱ ይመጣሉ፣ እኛም ለኢድ እንሄዳለን። ዶሮውን አይነኩም፣ እኛ ያረድነው ስለሆነ፤ ዳቦና ቡና ነው፣ ለእነሱ ሽሮም ሠርቻለሁ። ሚጣ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፣ ከዛፉ ሥር። ቡናው እየተቀዳ ነው። ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ የገና አባት ደሴ መጥቶ ነበር። አግኝተውታል?»

እኔ ስኒው ከእጄ ሊወድቅ!

ሰውየው ቡናውን ፉት አለ። «መጣ ሲሉ ሰማሁ ልጄ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አላገኘሁትም።»

«ጢሙ ጥጥ ነው» አለችው።

«እንግዲህ አርጅቶ ይሆናል።»

ሁለቱም አልሳቁም! ባለቤቱ ዞር አለች፣ የእኔው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እነሱ ግን ምንም። ዳቦ ጠየቀችው፣ ቆርሶ ሰጣት።

እና ከዚያ ወዲህ... ለእኔ ብላ ነው ያልኩት፣ እሷም እንደዚያ ነው ያለችው። ግን ለእሱ ብላም ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ሁለቱ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ተነጋግረው... አምስት ዓመቷ ነው እኮ! ግን ቪዲዮው ላይ ከረሜላዋን ሲሰጣት እጇን ጠበቅ የሚያደርጋት ይመስለኛል። ቆይ ልክፈተው። ... እዚህ ጋ... አይ፣ የእኔው ጣት ጋርዶታል። ገንዘብ ሚኒስትሩም ከጎን ሲቀርጽ ነበር፣ እሱ ስልክ ላይ ይኖር ይሆናል። ተኝቷል አሁን። ካየሁት በኋላ ምናልባት...