ትለምደዋለህ

እሺ። ድምፁ ይገባል መሰለኝ። ዛሬ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራለሁ ብዬ ነበር። አላወራም። ስለ ቦራ ነው፣ ስለ መኪናዬ። አውቃለሁ፣ ባለፈው «የናፍጣ ሞተሩ ገብቷል፣ የቦራ ነገር አለቀ፣ ከዚህ በኋላ ስሙን አላነሳም» ያልኩት እኔው ነኝ። አላለቀም።

በነገራችን ላይ መካኒኩ እዚህ «ሦስት ቀን» እያልን እንደምንጠራው ሰምቷል። አልተቀየመም። «ሰባት ሳምንት ቢሉኝ ይሻላቸው ነበር» አለ አሉ። (ሳቅ) እውነቱን ነው። ሦስት ቀን ብሎ ሰባት ሳምንት ነው የፈጀው።

የምትጠይቁኝን ቶሎ ልበልና ልለፍ። አዎ፣ የአባቴ ሃይሉክስ ነው፣ የ1985ቱ። አብሮት የመጣው ሞተር 22 አር የሚባለው ቤንዚን ነው፣ ባለ ካርቡራተር። ሞተሩ ክፉ አልነበረም፤ ክፉው ቤንዚኑ ነው። ማርቆስ ላይ ቀኑን ሙሉ ተሰልፈህ ሳይደርስህ ይቀራል። ከዚያ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ትገዛለህ፣ ምን እንደተቀላቀለበት እግዜር ይወቅ። ናፍጣም ሰልፍ አለው ትሉኛላችሁ። አለው። ግን አንዴ ካገኘኸው ራቅ ያደርስሃል። ያስገባሁት 3 ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፣ 2,779 ሲሲ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ከነካምቢዮው። የድሮው ካምቢዮ ለ3 ኤል አፉ አይገጥምም፣ እንዳትሸወዱ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር የማስቀየሩን ጉድ ሌላ ቀን። ዛሬ ደሜን አላፈላም።

የጎደለው ዲናሞ ብቻ ነበር። ሻጩ ነቅሎ ለብቻው ሸጦታል። ሦስት ቀን «የድሮው ዲናሞህ ጤነኛ ነው፣ ምን አስጨነቀህ» አለና መያዣ አስበይዶ ገጠመው። ባትሪው ቻርጅ አደረገ፣ መብራቱ በራ። እኔም ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ይቺን ዲናሞ ያዙልኝ።

የመጀመሪያ ቀን ከጋራዡ ስወጣ ፔዳሉ ከበደኝ። ወጥቼም አልራቅኩ፣ በሩ ላይ ነኝ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ፍሬኑ ከበደኝ እኮ» አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። ቀናም አላለም። «የናፍጣ ሞተር ከባድ ነው። ትለምደዋለህ» አለኝ።

ለመድኩት።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው መሰለኝ። ስህተቱን ቢሆን... ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን ለመድኩት። ከሦስት ሳምንት በላይ እንደዚያው ነዳሁት። ወደ ጮቄ ወጥቼ ድንች ጭኛለሁ። ሮብ ገበያ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ልጆቹ «ሊፈነዳ ነው!» እያሉ ሲበታተኑ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ያ ጭስ እንኳ ያባት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ፖምፓው ግን ናፍጣውን ያንኑ ያህል ይረጫል፤ የተረፈው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይኸው፣ የጭሱን ምክንያት ጠይቄ አውቃለሁ። የፔዳሉን አልጠየቅኩም። ቀኝ ባቴ ከግራው ወፈረ፣ እውነቴን ነው። እማዬ «ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?» ስትለኝ ኳስ ተጫውቼ ነው አልኳት። ኳስ! እኔ!

አባቴ ከግቢ ሳይወጣ ሁለት ጊዜ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ከማማተቡ ጋር አንድ ላይ ስለሚያደርገው የጸሎቱ ክፍል ይመስለኝ ነበር። እ... ተውት።

እሺ፣ አባይ።

መንገዱ ክፍት የነበረ ሰሞን ነው። እማዬ አዲስ አበባ የዓይን ቀጠሮ አላት። ከኋላ ለእህቴ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭነናል። ደጀን ሻይ ጠጣን። እማዬ ቆሎዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ገባች። ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ አስፋልቱ እዚህም እዚያም አብጦ ተንሸራቷል፣ ዝንጀሮዎቹ ዳር ዳር ተቀምጠው እጅ እጃችሁን ያያሉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። እስከዚያ ደህና ነበርኩ።

አንዱን ኩርባ ስዞር እህል የጫነ ተሳቢ ፊቴ ላይ አለ። ይሄዳል፣ ግን ከመቆም አይሻልም። ፍሬን ያዝኩ። ድንጋይ። ግራ እግሬን ከፍሪሲዮኑ አነሳሁና ጨመርኩት። በሁለት እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ በጀርባዬ ወንበሩ ላይ። ቁጭ ብዬ ነበር አልልም፣ ቆሜ ነበር። ቦራ ይቀንሳል። አልቀነሰም አልልም። ግን አቀናነሱ... እርፍ ሲጫኑበት እንደሚለግም በሬ። ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ አይቆምም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሰው እንዲህ ሲሆን ገደሉ ነው የሚታየው ይላሉ። እኔ ያየሁት ታርጋውን ነው። ጭቃ ነክቶታል። መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር 1 ይሁን 7 አይለይም። እየቀረብኩ ስሄድ ለየሁት። 7 ነው። 7 መሆኑን እስካይ ድረስ ቀርቤያለሁ፣ ገና አልቆምኩም።

ከዚያ ቆመ። ፍሪሲዮን ላይ እግር ስላልነበረ ሞተሩ ተንገጫገጨና ጠፋ። በእኛና በተሳቢው መሃል አንድ ክንድ ይሆናል። ክንድ ከስንዝር።

ጸጥ አለ። የእማዬ ቆሎ ብቻ ነው የሚሰማው። አኝካ ዋጠችና «ጎሽ የኔ ልጅ። አለመቅደምህ ጥሩ ነው» አለችኝ።

አሁንም የምሰማው ይሄንን ነው። ጎሽ የኔ ልጅ።

ከዚያ በኋላማ ድልድዩን በአንደኛ ማርሽ ነው የተሻገርኩት። ጎሃ ጽዮን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ዳገት ስለሆነ ፍሬን አልፈለግኩም፣ በቃ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ኮፈኑን ክፈት አሉኝ። ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን የሠራልህ ጠላትህ ነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍሬን ፔዳሉ ፊት፣ ኮፈኑ ስር፣ ትንሽ አክንባሎ የምትመስል ጥቁር ነገር አለች። እግራችሁን የምታግዘው እሷ ናት፤ የምትሠራው ደግሞ በቫኪዩም ነው። የቤንዚን ሞተር አየር መግቢያው ላይ ክዳን አለው። እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሱ ይዘጋል፣ ሞተሩ ግን መሳቡን አይተውም። ቫኪዩሙ ከዚያ ይገኛል። የኔ ናፍጣ ያ ክዳን የለውም፣ አየሩን እንደልቡ ይስባል። ስለዚህ ለፍሬኑ ለብቻው ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል። የ3 ኤል ፓምፕ የት ነው ያለው?

ዲናሞው ጀርባ ላይ።

የኔ ዲናሞ የቤንዚኑ ነው። ሦስት ቀን የአክንባሎዋን ቱቦ ወስዶ አየር መግቢያው ላይ ሰክቶታል። ላየው ሰው ምንም አልጎደለም። ቱቦው አለ፣ ተጠብቋል፣ ምንም አይስብም።

ቦራን ጎሃ ጽዮን አቁሜ በሚኒባስ ሄድን። ለእማዬ ዘይት ያፈሳል አልኳት። እሷ ታዲያ እስከ ጫንጮ ድረስ ሹፌሩን «ቀስ በል አባዬ፣ የኔ ልጅ እንዲህ አይነዳም» ስትለው... እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ።

ስመለስ ሦስት ቀንን ልጮህበት ነበር የሄድኩት። ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ለ3 ኤል ዲናሞ የሚመጣ የዘይት መስመር ሞተሩ ላይ አለ፣ ፓምፑን የሚያለሰልስ። በቡሎን ደፍኖታል። «ስትደፍነው ምን መስሎህ ነው?» አልኩት። «ትርፍ መስሎኝ» አለ። ትርፍ። ከዚያ ዝም አለ። ቡና አስመጣ። ባለ ፓምፑን ዲናሞ ራሱ ፈልጎ በነፃ ገጠመ። እኔም ልጮህ ሄጄ ሁለት ስኒ ጠጥቼ ወጣሁ። ምን ልበለው? ይከብዳል ብዬ ነግሬው ነበር፤ ትለምደዋለህ አለኝ፤ ለመድኩት። ከሁለታችን ማን ነው... አላውቅም። አንዳንዴ እሱ ይመስለኛል። ማታ ማታ ደግሞ እኔ።

ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ፖድካስት ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ነው እዚህ የማወራው። ሰፈር ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። «ልጄ አባይን እንደ ሙሽራ ቀስ አድርጎ አወረደኝ፣ መኪና እንኳ አይቀድምም» ትላለች። ጠላ ቤት ሳይቀር ተሰምቷል። ሰኔ ላይ ሌላ ቀጠሮ አላት። ጎረቤታችንንም ጋብዛታለች፣ ዓይኗን ትታይ ብላ። በማን መኪና እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መፈተሻውን ልንገራችሁ፣ ይሄ ፍሬኑ በቫኪዩም ለሚታገዝ መኪና ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት አምስቴ ርገጡት፣ እስኪጠነክር። ሳትለቁት ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ስር ትንሽ ዝቅ ካለ ቫኪዩም አለ። ንቅንቅ ካላለ እንዳትወጡ።

ጠዋት ጠዋት አደርገዋለሁ። ዛሬም አድርጌዋለሁ። ዝቅ ብሏል። ብሏል፣ ግን... ከትላንቱ ያነሰ መሰለኝ። መሰለኝ ነው። ጫማ ቀይሬም ሊሆን ይችላል። ቆይ፣ ቁልፉ የት... አንዴ ወጥቼ ልርገጠው፣ አልዘጋውም፣ እዚሁ...