«አቁሚ» ብሎ ሸኝቶ ዝም የለም

እህቶቼ እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ለማርች 8 አደረሳችሁ። ከመንደራ ኮቺም ከሔርማታም ከጅሬንም ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ስለ ሴቶች ጤና የሆነ ነገር በይ ስትለኝ ስለ ግፊትም ስለ ስኳርም ማውራት እችል ነበር፣ ግን ሆዴን ሲበላው የከረመ አንድ ነገር አለ፣ ሆርሞን የምትወስድን ሴት ሐኪም ምንም ሳያስረዳ አቁሚ ብሎ መሸኘቱ፣ ዛሬ እሱን ሳልናገር ብወርድ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ታሪኬን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ42 ዓመቴ በማዮማ፣ በማህፀን እጢ ማለት ነው፣ ምክንያት ማህፀኔም እንቁላል ማምረቻዎቹም በኦፕራሲዮን ወጡ፣ አጥሚት ይዛችሁ ተራ በተራ ጠይቃችሁኛል፣ ያንን አልረሳም። ቁስሉ ሲድን ግን፣ እንቁላል ማምረቻዎቹ ስለወጡ ያለ ጊዜዬ አርጬ፣ ሙቀቱ መጣ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከደረቴ ይነሳና ፊቴ ላይ ይወጣል፣ ጠመኔው እጄ ውስጥ ይረጥባል፣ ተማሪዎቹ ቲቸር አመመሽ እንዴ ይሉኛል። ያከመኝ ዶክተር ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ኪኒን አዘዘልኝ፣ እዚህ ሲጠፋ አዲስ አበባ የሄደ ሰው እያመጣልኝ ዋጥኩ፣ ሰው ሆንኩ በቃ።

ከዛ አንድ ቀን ለጉንፋን ብዬ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ አለኝ፣ ነገርኩት፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ይሄማ ካንሰር ያመጣል፣ ዛሬውኑ አቁሚ» አለኝ። ለምን እንደጀመርኩ አልጠየቀ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አልጠየቀ፣ ሳቆም ምን እንደሚሰማኝ አልነገረኝ፣ ቀጣይ ብሎ ሌላ ሰው ጠራ። አቆምኩ። ሳምንትም ሳይቆይ ሌሊት አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበኝ ጀመር፣ ቡና ቆልቼ ጀበና ፊት መቀመጥ አቃተኝና የጅማ ሴት ሆኜ በገዛ ቤቴ ቡና የምታፈላልኝ ልጄ ሆነች፣ ልቤ ይመታል፣ በትንሽ ነገር አለቅሳለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ምን አጠፋሁ እያለ ይጨነቃል። የሚያስረዳኝ ሐኪም ያገኘሁት ብዙ ተሰቃይቼ ነው!

አሁን ያ አቁሚ ያለኝ ሐኪም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ይሄ ሁሉ ፍርሃት በዋናነት የመጣው በፈረንጆቹ 2002 አሜሪካ ውስጥ ከተቋረጠ አንድ ትልቅ ጥናት ነው። የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፣ የሚወስዱትም ኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ዓይነት፣ ሁለት ሆርሞን አንድ ላይ ነው፣ በጡት ካንሰር በኩል የታየው ጭማሪ ደግሞ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ገደማ ነው። ስምንት ሴት ትንሽ ናት አላልኩም፣ ሴትየዋ ቁጥሩን ሰምታ ራሷ ትመዝን ነው የምለው። ማህፀናቸው ወጥቶ ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ላይ ደግሞ፣ እንደኔ ያሉት ማለት ነው፣ የጡት ካንሰር ጭማሪ አልታየም፣ ስትሮክ ግን ጨምሯል። በዛ ላይ እንደኔ በጊዜ ላረጠች ሴት፣ የሚከለክላት ነገር ከሌለ በቀር፣ ቢያንስ በተፈጥሮ እስከሚታረጥበት እስከ 50፣ 51 ዓመት ድረስ እንድትወስድ ነው የሚመከረው፣ ካልወሰደች አጥንቷም ልቧም ስለሚጎዳ። ታዲያ ይሄን ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የኛ ላብ፣ የኛ እንቅልፍ ማጣት አምስት ደቂቃ አያወጣም?

ቀጥሉ እያልኳችሁ አይደለም፣ በደንብ ስሙኝ። የጡት ካንሰር የተገኘባት፣ ደም የረጋባት ወይ ስትሮክ የመታት ሴት ሐኪሟ ወዲያው ያስቆማታል፣ ልክም ነው። ሌላዋ ግን ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ነው የምታቆመው። ካቆሙት ግማሽ ያህሉ ሙቀቱ ይመለስባቸዋል፣ ይሄን ቀድማ ብትሰማ አበድኩ ወይ ብላ አትደነግጥም። ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማቆም ለመጀመሪያው ሰሞን ሊያቀል ይችላል፣ ከቆየ በኋላ ግን ባንዴ ካቆመችው ጋር ልዩነት የለውም። ማህፀን ያላችሁ ሁለቱን ሆርሞን የምትወስዱ፣ ፕሮጄስትሮኑን ብቻ ትታችሁ ኢስትሮጅኑን እንዳትቀጥሉ፣ የማህፀን ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው። አጥንትም ካቆማችሁ በኋላ ጥበቃው እየለቀቀ ይሄዳል፣ ስለሱም ጠይቁ። የብልት ድርቀቱ ለብቻው ከሆነ ያስቸገራችሁ ደግሞ እዛው የሚቀባ ክሬም አለ፣ አትፈሩ ንገሩ። ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ ግን ሳታድሩ ሂዱ።

ግፊታችሁን ተለኩ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ የማህፀን በር ምርመራውን አድርጉ፣ ስለሱ ነርሷ በሰፊው ትነግራችኋለች።

ሆርሞን የምትወስዱ ወይ ሰሞኑን አቁሚ የተባላችሁ ካላችሁ የኪኒኑን ፓኬት ይዛችሁ ወደ ማህፀን ሐኪም ሂዱ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ መልስ ሳታገኙ ከወንበሩ አትነሱ። ብቻዬን አፍራለሁ የምትል ካለች ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ ነጠላዬን አድርጌ አብሬያት እሄዳለሁ።