ስሙ ያው ነው፣ ፋብሪካው ግን ተቀይሯል፦ ስለ እጅ መሣሪያ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅት መስመሩን የያዙት ባለ ጋራዦች፣ ጎሚስታዎችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናቸው። መልሱን የሰጡት እዚሁ አዳማ የብረታ ብረት ሙያ የሚያስተምሩ ባለሙያ ናቸው።

ከፍራንኮ አካባቢ፣ ባለ ጋራዥ፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ከሃያ ዓመት በፊት ክራፍትስማን የሚባል ሙሉ የቁልፍ ስብስብ ልኮልኝ እስካሁን እሠራበታለሁ። ዘንድሮ ያንኑ ስም ገዝቶ ላከልኝ፤ በእጅ ሲያዝም ሲሠራበትም የተለየ ነው። አታለውት ይሆን?

መልስ፦ አላታለሉትም ወንድሜ። ክራፍትስማን ከመነሻውም የፋብሪካ ስም አልነበረም። ሲርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በ1927 ለሚሸጣቸው መሣሪያዎች ያወጣው ስም ነው። ቁልፎቹን የሚሠሩለት ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩ። ለረጅም ዘመን እነዚህ ፋብሪካዎች በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ስለነበሩ፣ ያንተ የመጀመሪያው ስብስብ ከዚያ ዘመን የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግን የእጅ መሣሪያው ሥራ በስፋት ወደ ቻይናና ታይዋን ሄደ። በ2017 ሲርስ ስሙን ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ለተባለው የመሣሪያ ኩባንያ ሸጠው። አዲሱ ባለቤት ቁልፎቹን አሜሪካ መልሶ ለማምረት ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ወርዝ ላይ ፋብሪካ ተከለ፤ በ2023 እንደሚዘጋው አስታወቀ።

ሎውስ የተባለው ሌላ የአሜሪካ መደብር ለመሣሪያዎቹ ያወጣው ኮባልት የሚል ስምም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀመር አሜሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ኋላ አምራቹ ተለወጠ፣ አገሩም ተለወጠ። ሣጥኑ ላይ ያለው ስም ግን ያው ነው።

ይህን የምዘረዝረው ቻይና የሠራው ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ የዕቃውን ጥራት የሚወስነው ፋብሪካውን የሚያዘው ደንበኛ ነው። አንዱ ፋብሪካ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓይነት ቁልፍ ይሠራል። ለአንዱ ደንበኛ እያንዳንዱን ዙር በጥንካሬ መለኪያ እየፈተሸ ይልካል፣ ለሌላው ቀለሙን አሳምሮ ብቻ ይልካል። የታይዋኗ ታይቹንግ ከተማና አካባቢዋ በእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የታወቁ ናቸው፤ ከዚያ የሚወጣ ጥሩ የሶኬት (ዳዶ ላይ ተሰክቶ የሚፈታ ቁልፍ) ስብስብ ከብዙ የአውሮፓ ዕቃ ጋር ይወዳደራል። እኛ አገር ያሉ አስመጪዎችም በራሳቸው ስም ቻይና ያሠራሉ። ስለዚህ ነጋዴውን "የየት አገር ነው?" ስትለው "ከተሰበረ ትቀይርልኛለህ?" ብለህም ጨምርበት። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ፊቱን እይ።

ከወንጂ፣ ጡረተኛ መካኒክ፦ በሆላንዶቹ ጊዜ ስኳር ፋብሪካው ያመጣቸው ቁልፎች እስከ ዛሬ አፋቸው አልተከፈተም። የዛሬው ዓመት አይሞላውም። ብረቱ ነው የከፋው?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ሁለት መልስ አለው። አንደኛው፣ ወንጂ በ1954 እ.ኤ.አ. ማምረት ሲጀምር የመጡት ቁልፎች ሁሉ ዛሬ የሉም። ደካሞቹ ተሰብረው ተጥለዋል፤ ዛሬ በእጅዎ ያሉት ጠንካሮቹ ናቸው። ከእነሱ ተነሥተን የጥንቱ ሁሉ ጥሩ ነበር ማለት አንችልም።

ሁለተኛው ግን እርስዎ የሚሉት ነው፣ እውነትም አለበት። ያኔ ፋብሪካ መሣሪያ ሲገዛ የሚመርጠው መሐንዲሱ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዕቃ የተሠራው በዋጋ ለሚመርጥ ገዢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው እሳቱ ላይ ነው። ቁልፍ ተቀጥቅጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ይግላል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ይሞቃል። የመጀመሪያው ማጋልና መንከር ከላላ አፉ ይከፈታል፤ የመጨረሻው ሙቀት ከተዘለለ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። አንድ ዓይነት ጤፍ ሁለት ቤት ሲጋገር አንድ እንጀራ እንደማይወጣው፣ አንድ ዓይነት ብረትም ሁለት ምድጃ ገብቶ አንድ ቁልፍ አይሆንም።

ከቦኩ፣ አናጺ፦ ሣጥኑ ላይ "ጀርመን ቴክኖሎጂ" ይላል፣ ከታች "ሜድ ኢን ፒ.አር.ሲ."። ይህ የየት አገር ነው?

መልስ፦ ፒ.አር.ሲ. ማለት የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ፣ ያው ቻይና ነው። "ጀርመን ቴክኖሎጂ" የሚለው ጽሑፍ የተሠራበትን አገር አይነግርህም። የአሜሪካ ዕቃ ላይም "ከዓለም አቀፍ ግብዓት ጋር አሜሪካ የተሠራ" የሚል ካየህ፣ ከፊሉ ብረት ወይም ክፍል ከውጭ መጥቷል ማለት ነው፤ እዚያ ምንም ሳይጨምሩ "አሜሪካ የተሠራ" ለማለት ዕቃው ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል የአገር ውስጥ መሆን አለበት።

ከጅቡቲ መንገድ ዳር፣ ጎሚስታ፦ የከባድ መኪና ጎማ በአየር ማሽን ስፈታ የሚያብረቀርቀው ሶኬት ተሰነጠቀብኝ። ክሮም ቫናዲየም ይላል እኮ!

መልስ፦ እባክህ ያንን ሶኬት ዛሬውኑ ከማሽኑ አውጣው። የሚያብረቀርቀው ለእጅ የተሠራ ነው፤ ብረቱ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ፣ ግድግዳውም ቀጭን ነው። የማሽኑ ምት ሲደጋገምበት ይፈነዳል፣ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ለአየር ማሽን የሚሆነው ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክሮም ሞሊብዲነም ብረት የሚሠራው ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኑን ምረጥ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጥግ ይበላል። የዓይን መከላከያም አድርግ።

"ክሮም ቫናዲየም" የሚለው ጽሑፍ አያስተማምንህ። በዚህ ዓይነት ብረት ውስጥ ክሮሙ 1 በመቶ ገደማ፣ ቫናዲየሙ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በዓይን የሚለየው የለም፣ ጽሑፉን ግን ማንም ያትመዋል።

ከዳቤ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ ቀይና ቢጫ እጀታ ያለው ፒንሳ ሁሉ ከኤሌክትሪክ ይከላከላል?

መልስ፦ አይከላከልም፣ እህቴ። ቀለም ቀለም ነው። የምትፈልጊው ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች የተደራረቡበት ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ነው። ደረጃው አይኢሲ 60900 ይባላል፤ በዚህ ደረጃ የሚሠራ መሣሪያ በ10,000 ቮልት ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ምልክቱም ሊታተም ስለሚችል ከታወቀ አስመጪ ግዢ። እጀታው ከተቆረጠ ወይም ከተሰነጠቀ በፕላስተር አትጠግኚው፣ ለሌላ ሥራ አውይው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቆጣሪው ላይ አጥፊ፤ በጥሩ ፒንሳ ተማምኖ መብራት ሳያጠፉ መሥራት አይገባም።

ከመብራት ኃይል ሰፈር፦ ሱቅ ውስጥ ጥራቱን እንዴት ልፈትን? በማግኔት እየሞከርኩ ነው የምገዛው።

መልስ፦ ማግኔቱን ተወው፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ብረት እኩል ይስበዋል። ካሊፐር የተባለውን የሚሊሜትር መለኪያ ይዘህ ሂድ። የ17 ቁልፍ አፍ ከ17 ሚሊሜትር በጥቂቱ ይሰፋል፣ መስፋትም አለበት። ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ከተጠጋ ግን የብሎኑን ጥግ ይበላል። ሁለቱን የአፉን ጎኖች ከብርሃን አንጻር አይተህ ትይዩ መሆናቸውን አረጋግጥ። ክሮሙ የተላጠ፣ የተነፋ ወይም ከሥሩ የአሸዋ ቅርጽ የሚታይበት ከሆነ ተወው።

ፒንሳ ከሆነ ሁለቱን መንጋጋዎች ዝጋና መቁረጫው ላይ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ተመልከት። ባለ ሱቁ ከፈቀደ መቁረጫውን በአዲስ ሞረድ ጫፍ ነካ አድርገው፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፣ ከበላው ለስላሳ ነው። ይህን ቁልፍ ላይ አትሞክር። ቁልፍ እንዳይሰበር ሲባል ከመቁረጫ ይለሰልሳል፣ ጥሩውንም ሞረድ ይበላዋል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ትቶ ይሄዳል።

ከገዳ አካባቢ፦ እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። "ዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው መሣሪያ ላምጣልህ?" ትላለች።

መልስ፦ ዋስትናው የሚሠራው የተሰበረውን ይዘህ መደብሩ ድረስ ስትሄድ ነው። አዳማ ላይ ሆነህ ለዚያ ወረቀት ገንዘብ አትክፈል። ሻንጣ በኪሎ ነው፤ ሙሉ ሣጥን ከምታመጣ፣ በየቀኑ የምትጠቀምባቸውን መጠኖች ብቻ ዘርዝረህ ላክላት። መጠኑም በሚሊሜትር ይሁን፤ እዚያ በኢንች የሚሸጥ ብዙ ነው፣ ለኛ መኪኖች አብዛኛው አይሆንም። አንድ ጥሩ ፒንሳና አንድ ባለ 1000 ቮልት ካቻቢቴ ታክልበት። መዶሻውን፣ ሴጌቶውንና ሞርሳውን ከዚሁ ግዛ፤ ክብደታቸው የሻንጣውን ቦታ ይጨርሰዋል።