ዝርዝሩ በሩ ላይ ይለጠፍ

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አረፈዳችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ። የተጋበዝኩት የገበሬ ማኅበራችንን የቁጥጥር ኮሚቴ ሪፖርት ለጠቅላላ ጉባኤው እንዳቀርብ ነው። አቀርባለሁ። ግን መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣ፣ አለዚያ ሪፖርቱም አይወጣልኝ።

ነገሬ የማዳበሪያው ነው።

ድጎማ ሲባል ብዙዎቻችን ብር ይመስለናል። ብሩ እኛ እጅ አይገባም። መንግሥት ማዳበሪያውን ከውጭ ገዝቶ በጅቡቲ ያስገባና ከዋጋው ከፊሉን ይሸፍናል፤ ከዚያ በዩኒየኑ (ማኅበራቱ በጋራ ባቋቋሙት ድርጅት) እና በማኅበራችን በኩል በተቀነሰ ዋጋ ይደርሰናል። በ2014 ዓ.ም. ለዚሁ 15 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ዋጋ ሲወርድ የጆንያው ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ። እና ድጎማው ያለው ጆንያው ውስጥ ነው። ጆንያውን የወሰደ ድጎማውን ወሰደ። ማን ወሰደ?

ባለፈው ክረምት እዚህ መጋዘን በር ላይ የሆነውን ያየ አይቷል፣ ያላየም ሰምቷል። አንዲት ባሏ የሞተባት እናታችን ከሌሊት ጀምራ ተሰልፋ፣ ዝናቡ ሲወርድባት ውሎ፣ ተራዋ ሲደርስ "አንቺማ ወስደሻል" ተባለች። "ኧረ በአላህ፣ መቼ?" መዝገቡ ተገለጠ። ስሟ አለ። ሁለት ጆንያ ኤንፒኤስ፣ አንድ ጆንያ ዩሪያ፣ ሁለቱም የማዳበሪያ ዓይነት። ከስሟ ትይዩ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ። እሷ ደግሞ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ወዲህ አሻራ አድርጋ አታውቅም፣ ትፈርማለች! እዚያው ወረቀት አስመጥታ ስሟን እስከ አያቷ ጽፋ አሳየች። መዝጋቢው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሲስተሙ ነው።" አውራ ጣት ያለው ሲስተም!

ጤፏ ቢጫ ሆኖ ቀረ። በዚያው ሰሞን ስፌቱ ያልተፈታ ጆንያ ገበያ ላይ በእጥፍ ይሸጥ ነበር። እኔም አይቻለሁ፣ እናንተም ገዝታችኋል፣ አንተዛዘብ።

ያ መዝገብ ተለጥፎ ቢሆን ጎረቤቷ በማግስቱ "አንቺ፣ ማዳበሪያሽን መቼ ወሰድሽ?" ይላት ነበር። አለቀ። በ1997 ሴፍቲኔት፣ ማለት ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሲጀመር ስም በስብሰባ ይነበብ፣ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ እንደነበር ረሳችሁት? "እሱማ ሁለት ጥንድ በሬ አለው!" ብሎ የሚነሳ አይጠፋም። ተጣልተናል፣ ተኳርፈናል፣ ግን ስንት ስም ተስተካከለ። አባቶቻችንስ ከብት ሲሰረቅ አገሬው ተሰብስቦ ሌባውን በሚያወጣበት አውጫጭኝ ይቀመጡ የለም እንዴ?

"ስም መለጠፍ ገመና ማውጣት ነው" የሚሉ አሉ። አውሮፓ ውስጥ ድጎማ የሚቀበል ገበሬ ስሙና የወሰደው ገንዘብ በየዓመቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የጀርመን ገበሬዎች ገመናችን ተነካ ብለው ከስሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በከፊል ፈርዶላቸው ነበር። በኋላ ደንቡ ተስተካከለ፦ ጥቂት የሚያገኘው ስሙ ይቀራል፣ ብዙ የሚወስደው ይታያል። እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚደበቀው ብዙ የወሰደው!

ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የመረጃ ነጻነት አዋጁም፣ ቁጥር 590/2000፣ አለ። መዝገቡን ላገላብጥ ስል ግን "ከበላይ አልተፈቀደም" ተባልኩ። ከበላይ ማን ነው? ስም የለውም? ወሎን በ1965 እና በ66 የፈጀው ድርቁ ብቻ አልነበረም፣ የረሃቡ መደበቅም ነው። ይሉኝታችን ይብቃ!

ሪፖርቱ አጭር ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል። ሚዛኑ መፈተሽ አለበት። የትርፍ ክፍፍሉ ኦዲት እየጠበቀ ነው። ቀሪውን የተባዛው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።

የውሳኔ ሐሳቤ ይኸው፦ የዘንድሮው ማዳበሪያ መከፋፈል ከጀመረበት ቀን አንስቶ የወሰደው ሰው ስም፣ የጆንያው ብዛትና የወሰደበት ቀን በየሳምንቱ እዚህ በር ላይ ይለጠፍ። ሰብሳቢ፣ አሁኑኑ ድምፅ ይሰጥበት። እጁን የማያወጣም ካለ ስሙ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።