ከተሠራው ባዮጋዝ ስንቱ ይነድዳል?

የተከበራችሁ የምድጃ አምራቾችና የባዮጋዝ ግንበኞች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን ወደ ኮምቦልቻ በደህና መጣችሁ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የገባችሁ ኮታችሁን ብታወልቁ ማንም አይቆጣም። ሼኻችንም ቄሳችንም መርቀውናል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳያችን ልግባ።

መንግሥት ለታዳሽ ኃይል ስላወጣው ዕቅድ ተናገር ተብያለሁ። ዕቅዱ ብዙ ነው፤ እኔ ነፋስንና ባዮማስን፣ ማለትም እንጨትን፣ ኩበትንና እበትን የመሰለውን ማገዶ፣ ብቻ ልያዝ።

ነፋሱ ደህና ተጉዟል። የአዳማ 1 የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2004 ዓ.ም. በ51 ሜጋዋት ጀመረ። አሸጎዳ በ2006 በ120 ሜጋዋት ተመረቀ። አዳማ 2 በ2007 በ153 ተከተለ። አይሻና አሰላ ላይም ማማ ቆሟል። ነገሩ በደንብ የታሰበበት ነው። ግድቦቻችን በክረምት ይሞላሉ፣ በበጋ ይጎድላሉ። ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርስለታል።

እስቲ አሁን በእኛ ሙያ እናስላው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አዳማ 1 በሙሉ ኃይሉ ቢሽከረከር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚያስጋግረው ከ15 ሺህ ምጣድ ያነሰ ነው። ነፋስ ደግሞ ሁሌ በሙሉ ኃይሉ አይነፍስም። በበዓል ዋዜማ ደሴና ኮምቦልቻ ስንት ምጣድ እንደሚጣድ እናንተው ገምቱት። ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ። ማማው ቢበዛም እንጨቱና ኩበቱ ነገ ከቤታችን አይወጡም።

በ2004 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይህን አልዘነጋም። ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የገጠሩን ማብሰያ ማሻሻል ነበር። ይህን ዛሬ የሚያስታውስ ባለሥልጣን ብዙም አይገጥመኝም። ምን ያድርጉ፣ በምድጃ ሪባን አይቆረጥ!

ባዮጋዙም አለ፤ እበትና ውሃ ማብላያ በምንለው ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ማለቴ ነው። ብሔራዊ ፕሮግራሙ በአራት ክልሎች ሲጀመር አማራ አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ታቅዶ 8 ሺህ ገደማ ተሠራ። ሪፖርት የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ ይጀምራል። ከተሠራው ስንቱ ዛሬ ይነድዳል?

ግንበኞቹ ታውቁታላችሁ። ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ቢያንስ አራት ከብት ይፈልጋል። በየቀኑ እበት፣ ከእበቱ እኩል ደግሞ ውሃ ይገባበታል። ሁለት ላም ተሸጠች ማለት ጋዙ ሰነፈ ማለት ነው። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ እናትም «ይቅርብኝ» ብትል አልፈርድባትም። ብርዱም አለ። ጋዙን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ። ሞቃቱ ሐርቡ ላይ እንደልቡ የሚሠራ ማብላያ ኩታበር ደጋ ላይ ይንቀራፈፋል። ከቢሮ የሚሰጠን የግንባታ ኮታ ሲመጣ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፕላን ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ልክ አይደለም።

ሌላው የእንጀራው ነገር ነው። ጋዙ ቡና ያፈላል፣ ወጥ ይሠራል። ምጣድ ላይ ሲደርስ አቅም ያጥረዋል። እንጀራ የማይጋግር ምድጃ ወሎ ውስጥ ሙሉ ምድጃ አይባልም! ለዚህ ነው የተሻሻለውን የእንጀራ መጋገሪያ፣ ምርጥ ምድጃን፣ ያልተውነው። ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ባዮጋዝ ያለው ቤትም ቢሆን አጠገቡ አንድ ምርጥ ምድጃ ያስፈልገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ዕቅድ ቢኖር እንጨት ለቀማው በእጅጉ ይቀል ነበር።

ስለ ከተማው ቆሻሻም የምትጠይቁኝ አላችሁ። አዲስ አበባ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ በ2010 ተመርቋል። «እኛስ?» ትላላችሁ። የደሴና የኮምቦልቻ ገበያ ቆሻሻ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭና ቅጠላ ቅጠል ነው፣ እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ከእሳት ይልቅ ለማብላያ ይመቻል። የእኔ አስተያየት ይኼው ነው። መሐንዲሶቹ የተለየ ካላቸው ከሻይ በኋላ ይምጡብኝ።

ሥራ አመራሩ ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ዘንድሮ አባሎቻችን በየወረዳቸው የሠሯቸውን ማብላያዎች ዞረው ይቁጠሩ። የሚነደው ስንት ነው? የቆመውስ? በቫልቭ ነው የቆመው፣ በቱቦ፣ በውሃ ወይስ ከብቱ ተሸጦ? ዝርዝሩን ይዘን ቢሮ እንገባለን። አዲስ ኮታ ሲሰጠን የጥገና በጀት አብሮ እንዲመጣ እንጠይቃለን። ቫልቭና ቱቦም እዚሁ ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ይገኝ፤ ለአንዲት ቫልቭ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይብቃ። ለደጋው ለብርድ የሚስማማ ፕላን ይዘጋጅ። ቢሮዎቹ ቆጠራውን ላይወዱት ይችላሉ፤ ቁጥሩ ይቀንስባቸዋልና። እኛም ደስ አይለንም፣ የገነባነው እኛ ነን። ቢሆንም እንቁጠር።

ይህን ከሰዓት በሦስተኛው አጀንዳ እንወያይበታለን። የቆጠራ ቅጹ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት ውሰዱ። አሁን ኦዲተራችን የዓመቱን ሒሳብ ያቅርቡልን። ጉባኤው ተከፍቷል።