ጓሳው ሲዘጋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ወንድሜ ነው የማወራችሁ። በ12 ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። መንዝ ያለ ገበሬ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሆዱን አሞት፣ ሰው የሰጠውን ሥር ቀቅሎ ጠጣ። የምን ሥር እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ጠፋ። ፊቱ አበጠ። ደብረ ብርሃን ወሰድነው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ከደም የሚያወጣው ቆሻሻ፣ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። የኩላሊት እጥበት ጀመሩለት።

እኔ የሚያድነው እጥበቱ ይመስለኝ ነበር። አንዷን ወጣት ሐኪም ስንት ጊዜ ቢታጠብ እንደሚድን ጠየቅኳት። "እጥበቱ ደሙን ነው የሚያጸዳው። ኩላሊቱን የሚጠግነው ራሱ ኩላሊቱ ነው፤ እንጠብቀው" አለችኝ። ያን ቀን በጣም ከፋኝ። መጠበቅ ሕክምና ነው እንዴ?

ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። በእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ ቀጭን ቱቦ አለው። ብዙ መርዞች የሚያጠቁት የዚህን ቱቦ ግድግዳ የሸፈኑትን ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ሥራቸው መሳብና ማስወጣት ስለሆነ፣ መርዙንም ይስቡታል። ይሞታሉ፣ ይረግፋሉ፣ ቱቦውን ይደፍኑታል። የተረፉት ሴሎች ደግሞ የዕለት ሥራቸውን ትተው መባዛት ይጀምራሉ። የተራቆተውን ግድግዳ ያለብሱታል። ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሴሎቹ የተቀመጡበት ስስ መሠረት ከተበላሸ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆናል። ከተወለድን በኋላ ደግሞ አዲስ ማጣሪያ አይፈጠርልንም።

በአይጦች ላይ የታየ አንድ ነገር አለ፣ ከአእምሮዬ አይጠፋም። መጠነኛ መርዝ የተሰጣቸው አይጦች ሴሎቻቸው ቶሎ ተባዝተው ዳኑ። መጠኑ ሲበዛ መባዛቱ ራሱ ታፈነ። ጉዳቱ እየሰፋ ሄዶ ሞቱ። ሞትና ሕይወቱ ያለው ጥገናው በመድረስ አለመድረሱ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ17ኛው ቀን የጋሼ ሽንት መጣ። ያውም በቀን ብዙ ሊትር! እኔ እልል ስል ሐኪሟ ግሉኮስና ጨው ታሰላለች። አዲሶቹ ሴሎች ውኃ መያዝ ገና አልተማሩም ነበር።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና "እንደ ጓሳው ነዋ" አለኝ። በእኛ አገር ድሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳ፣ ደጋው ላይ ያለው የሣር መሬት፣ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም ነበር። ሥሩ ካለ ሣሩ ይመለሳል። እጥበቱ የገባኝ ያኔ ነው። ሣሩ እስኪበቅል ከብቱን ከውጭ የያዘልን እሱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ወገቡን አሞት ጎረቤት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶታል። ሐኪሟ እንዳይነካው ያለችውን ነው።

"ተወው ጋሼ" አልኩት፣ "ገና አልተከፈተም።"