አፉን ያልፈታው ልጅ

መምህር፦ እየቀዳን ነው እንዴ? ቀይዋ መብራት አልበራችም እኮ።

ሲስተር፦ በርታለች መምህር፣ ይግቡበት። እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬም ደብረ ብርሃን ነን። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ መምህር ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ነው የተቀመጡት።

መምህር፦ ጋቢዬን ተዪና ወደ ጉዳዩ ግቢ።

ሲስተር፦ እሺ። ከእነዋሪ አካባቢ አንዲት እናት የድምፅ መልእክት ልካልናለች። ልጇ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። «እማ» ይላል፣ «እንቢ» ይላል፣ በቃ።

መምህር፦ እንቢን ካወቀማ ግማሹን ቋንቋ ጨርሷል። (ሳቅ)

ሲስተር፦ እሷ ግን አልሳቀችም። አማቷ «አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው» ይሏታል። ባሏ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላል። ጎረቤቷ ደግሞ «ምላሱ ታስሯል፣ አስቆርጪው» እያለች ሰው ልትጠቁማት ነው። ማንን ልስማ ነው የምትለው።

መምህር፦ ይቺን ታሪክ አውቃታለሁ። እኔ ቤት ገብታ ወጥታለች።

ሲስተር፦ የሦስተኛው ልጅዎ?

መምህር፦ አዎ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ያኔ ግን ሁለት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል አልነበረውም። አንድ ጤና ተቋም ወሰድነው። ባለሙያው ልጁን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ያወራል፣ አትጨነቁ» አለን። እኛም ደስ አለን። መስማት የፈለግነውን ነዋ የነገረን! እንዲህ ብለን አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጥን።

ሲስተር፦ ጆሮውን የጠረጠረ ሰው አልነበረም?

መምህር፦ እኔ ራሴ ፈትኜዋለሁ እኮ! የግቢውን የቆርቆሮ በር ከኋላው ጓ! አደረግሁት። ዞረ። ይሰማል አልኩ፣ ፋይሉን ዘጋሁ። የኋላ ኋላ የያዘችው ታላቅ እህቱ ናት። ኩኩሉ ሲጫወቱ ተደብቃ ብትጠራው ብትጠራው ዝም፤ ፊት ለፊቱ ስትሆን ግን ይስቃል፣ ይከተላታል። አንድ ቀን መጥታ «አባዬ፣ እሱ እኮ ፊቴን ካላየ አይሰማም» አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ! እኔ ያን ጊዜ ስንት ዘመን አስተምሬያለሁ።

ሲስተር፦ የበሩ ፈተና ብዙ ወላጅ ያሳስታል። ከባድ ድምፅ ሌላ፣ ንግግር ሌላ ነው። የበሩ ድምፅ መሬቱንም አየሩንም ስለሚያንቀጠቅጠው በደንብ የማይሰማ ልጅም ሊዞር ይችላል። «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ የቃል መጨረሻን ለመስማት ግን ጥሩ ጆሮ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ምን ተገኘበት?

መምህር፦ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል አሉን። መግል የለ፣ ሕመም የለ፣ ልጁ ጆሮውን አይነካካ። ጉንፋን ግን ክረምት ከበጋ አይለየውም ነበር።

ሲስተር፦ መንገዱ ያ ነው። ጉሮሮንና ጆሮን የምታገናኝ ትንሽ ቱቦ አለች። በሕፃናት ላይ አጭርና ጋደም ያለች ስለሆነች በጉንፋን ቶሎ ትደፈናለች። ያኔ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል፣ ልጁም ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ነው የሚሰማው። ጭስም ያባብሰዋል። በኛ አገር ደግሞ በኩበትና በእንጨት ጭስ ውስጥ ልጅ አዝለን ነው የምንጋግረው። አብዛኛው ፈሳሽ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል። ካልደረቀ ነው ወደ ሌላ ሕክምና የሚኬደው።

መምህር፦ የኛ አልደረቀም። አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ገባለት። ስንመለስ ጫጫ ላይ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋው ልጁ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ። እናቱም አለቀሰች፣ የሷ ግን ሌላ ነው።

ሲስተር፦ ... እሺ። ወደ ጎረቤቷ ምክር እንምጣ፣ ምላሱ ታስሯል ወደሚለው። ምላሱ ከሥሩ የተያዘ ሕፃን አለ፣ እውነት ነው። ጡት ለመጥባት ሊቸገር ይችላል፣ አንዳንድ ድምፅም ሊያጣምም ይችላል። ልጅን ቃል አልባ አያደርግም ግን! የተያዘ ምላስ ያለው ልጅ ያወራል፣ ምናልባት አጣሞ ያወራል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚሁ ነው። በምላጭ የተቆረጠ ልጅ ደም ሲፈሰው፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ አይቻለሁ። እህቴ፣ ሰውየው ጋ እንዳትሄጂ።

መምህር፦ ጠበልስ? ጠይቁልኝ ብላለች።

ሲስተር፦ ጻድቃኔ ማርያምም ትሂድ፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ትሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን ጆሮውን አስመርምራ ትሂድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መምህር፦ መለኪያውን ንገሪን እንጂ፤ መቼ ነው «አሁንስ ዘገየ» የሚባለው?

ሲስተር፦ እኔ ቃል ከመቁጠሬ በፊት ጣቱን ነው የማየው። ልጅ ዓመት ሞልቶት ጥቂት ወራት ሲያልፈው ውሻ ሲያይ በጣቱ እየጠቆመ «አየሽ?» በሚል ዓይን ያይሻል። ቃል ባይኖርም ያ ወሬ ነው። በዓመት ከመንፈቁ «እማ»ና «አባ»ን ሳንጨምር ጥቂት ቃላት እንጠብቃለን። በሁለት ዓመቱ ደግሞ ሁለት ቃል ማገናኘት፦ «አባ መጣ»፣ «ዳቦ የለም»። በሁለት ዓመቱ ይህን ያላደረገ ልጅ መታየት አለበት።

መምህር፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፣ የቋንቋ መምህር ነኝና አታስቁሚኝ። ይሄ የሁለት ቃል መለኪያ የተሠራው በፈረንጅ ቋንቋ ነው። በኛ «ስጪኝ» አንድ ቃል ናት፤ ውስጧ ግን ሰጪዋም ተቀባዩም አሉ። ለእናቱ «ስጪኝ»፣ ለአባቱ «ስጠኝ» ብሎ የሚለይ ልጅ ቃሉ አንድ ቢሆንም ሰዋስው ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ጻፉትና ለሐኪሙ ንገሩት።

ሲስተር፦ ይሄ ጥሩ ነው። «በሬ»ን «በዬ» ማለት ደግሞ መዘግየት አይደለም፤ «ር»ም «ጨ»ም «ቀ»ም ብዙ ጊዜ ቆይተው ነው የሚጠሩት።

መምህር፦ ሁለት ቋንቋስ? አጣዬ አካባቢ አማርኛና ኦሮምኛ ባንድ ቤት የሚነገርበት ስንት አለ፤ ወደ አንኮበር ቆላም አርጎብኛ አለ። «ቋንቋ ተምታቶበት ነው» ሲሉ እሰማለሁ።

ሲስተር፦ አይምታታበትም። የሁለቱንም ቃላት አንድ ላይ ቁጠሩ። አያቱን በኦሮምኛ እንዳታወራው መከልከል ልጁን አንድ ወሬኛ ማሳጣት ነው።

መምህር፦ ታዲያ የእነዋሪው ልጅ በአንቺ ዓይን እንዴት ነው?

ሲስተር፦ መልእክቷ ውስጥ ሳታስበው ጥሩ ነገር ነግራናለች። «ጫማህን አምጣ» ስትለው ያመጣል። ውሃ ሲፈልግ እጇን ይዞ ጀሪካኑ ጋ ይወስዳታል፣ በጣቱ ያሳያታል። የሚረዳና የሚጠቁም ልጅ ተስፋው ሰፊ ነው። በሁለት ዓመታቸው ከአሥር ልጆች አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘገያሉ፤ ብዙዎቹም ይደርሳሉ። ማን እንደሚደርስና ማን እንደሚቀር ግን ፊቱን አይቶ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም፣ አማቷም አያውቁም። ስለዚህ ይታይ።

መምህር፦ የማይጠቁመውስ?

ሲስተር፦ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሰው ዓይን ዓይን የማያይ ልጅ ሁለት ዓመቱን አይጠብቅ። ያወራው የነበረውን ቃል የጣለ ከሆነ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቶሎ ይሂድ። ኦቲዝም የሚባለው፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብደው የአእምሮ እድገት ሁኔታ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል።

መምህር፦ ድሮ ቡዳ በላው ይባልና ልጁ ጓዳ ይቀመጥ ነበር። ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና በራሷ ልጅ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍታ ነው ስሙን አደባባይ ያወጣችው።

ሲስተር፦ እውነት ነው። አንድ ነገር ቀረኝ፤ እናቲቱ ስትጋግር ስልኩን ትሰጠዋለች፣ ካርቱን ያያል። እኔ አልፈርድባትም፣ ምጣዱ እሳት ነው፣ ልጁ አጠገቧ ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ዓመት ለሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ለሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። ካርቱኑ መልስ አይጠብቅም፣ ችግሩ እሱ ነው።

መምህር፦ ታዲያ ምን ታድርግ?

ሲስተር፦ ከእሳቱ ራቅ አድርጋ ታስቀምጠውና እየጋገረች ታውራው። «ሊጥ ቀዳሁ። አሰፋሁት። ዓይን አወጣ።» እሱ «ዶዶ» ብሎ ዶሮዋን ቢያሳያት «ዶሮ! ዶሮ ሄደች» ትበል፤ አንድ ቃል ትጨምርና ዝም ትበል። በልቧ እስከ አሥር ትቁጠር። እኛ ዝም ማለት አንችልማ፣ ልጁ ሳይጀምር እኛ እንጨርስለታለን። «በል! ውሃ በል!» እያሉ ማስጨነቅ ግን አይሆንም። ቃሉን እስኪል ውሃ የከለከሉት ቤት አጋጥሞኛል።

መምህር፦ በስመአብ!

ሲስተር፦ እና ምን ታድርግ ላልከኝ... ላሉኝ፣ ይቅርታ...

መምህር፦ በሬዲዮ አንተ አልሽኝ! (ሳቅ)

ሲስተር፦ ... የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ታነጋግር፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ታጽፍ፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይይላት። «ያወራል» ብለው ሊመልሷት ቢሞክሩ «እሺ፣ ጆሮው በማሽን ይለካልኝ» ትበል። የንግግር ቴራፒስት በአገራችን ጥቂት ነው፣ ለክፍለ ሀገር ሰው ሩቅ ነው። የጆሮ ምርመራው ግን ቴራፒስት እስኪገኝ አይጠብቅም። ሐኪም ፊት ልጅ ይደነግጣልና ቤቱ ሲጫወት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጻ ትያዝ።

መምህር፦ ልደቱን፣ ቢጫ ሆኖ እንደነበር፣ ማጅራት ገትር ታሞ እንደነበርም ይጠይቋታል፤ የክትባት ካርዱንም ትያዝ። እኔን ሲጠይቁኝ ካርዱን ቤት ረስቼ ነበር።

ሲስተር፦ የምርመራውን ውጤት ላኪልን፣ እህቴ።

መምህር፦ ድምፁንም ጨምሪበት። ያቺን «እንቢ» መስማት እፈልጋለሁ።